የጥምቀት ጉዞ ወደ ጎንደር፦ የወንበሩ ዋጋ ከምን ይነሣል?

የጥምቀት በዓል ሲቃረብ በአዲስ አበባ የጉዞ ማስታወቂያው ይበዛል። ወደ ጎንደር የሚወስዱት ጉዞዎች መንገዳቸውም በዓላቸውም አንድ ነው፤ የሚጠየቀው ዋጋ ግን ከአንዱ አዘጋጅ ወደ ሌላው ሲሄድ ይለያያል። ልዩነቱ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ከተጓዡም ይነሣል፤ ገንዘቡን በዚህ ሥራ ላይ ለማዋል ከሚያስበው ነጋዴም ይነሣል።

መልሱ በኪሎ ሜትር አይገኝም። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር አድርጎ ጎንደር ለመግባት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል፤ ይህ ለሁሉም አዘጋጅ እኩል ነው። ዋጋውን የሚለያዩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ አውቶቡሱ ቆሞ የሚውልበት ቀን፣ ቀድሞ የሚያዘው አልጋና ሳይሸጥ የሚቀረው ወንበር።

ቆሞ የሚውል አውቶቡስ

ጥምቀት የአንድ ቀን በዓል አይደለም። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ወደ ዐፄ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ። ጥር 11 ጠዋት ከቀሃ ወንዝ የተሞላው ውሃ ይባረካል። ጥር 12 ደግሞ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ይመለሳል። ሦስቱንም ቀን ለማክበር የሚሻ ቡድን ጥር 8 ተነሥቶ፣ አንድ ሌሊት መንገድ ላይ አድሮ፣ ጥር 9 ይገባል፤ ጥር 13 ተነሥቶ ጥር 14 ይመለሳል። ከሰባቱ ቀን አውቶቡሱ የሚንቀሳቀሰው አራቱን ብቻ ነው። ባለቤቱ ግን በቀሩት ሦስት ቀናት በመደበኛው መስመር ሊያገኝ ይችል የነበረውን ገቢ፣ ከሾፌሩና ከረዳቱ አበል ጋር፣ በኮንትራቱ ዋጋ ላይ ይደምረዋል። ስለዚህ የጥር 12ን በዓል ሳይጠብቅ የሚመለስ ጉዞ ርካሽ ቢሆን አያስደንቅም፤ የተሸጠው ዕቃ ራሱ ያነሰ ነው።

አልጋውም እንዲሁ ነው። የከተማው አልጋ ቁጥር ለበዓል ብሎ አይጨምርም፤ ፈላጊው ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ይጎርፋል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ በዓሉ በውጭም ይበልጥ ታውቋል። ቀደም ብሎ ቀብድ የከፈለ አዘጋጅ በመሐል ከተማ አልጋ ያገኛል፤ የዘገየው ወደ አዘዞ ይወጣል ወይም በደላላ የግለሰብ ቤት ይከራያል። በዚህ ጊዜ አንድ አልጋ ለሁለት ወገን እንዳይሸጥ ደረሰኙ በቡድኑ ስም መቆረጡን ማረጋገጥ ይገባል።

ባዶው ወንበር የማን ነው?

የአዘጋጁ ትርፍ የሚወሰነው በሙላቱ ነው። ለአብነት ያህል ባለ 45 ወንበር አውቶቡስ፣ ከነአልጋው፣ በጠቅላላ 180,000 ብር ወጪ አለው ይባል። አዘጋጁ 40 ሰው አገኛለሁ ብሎ ወንበሩን በ4,500 ብር ይሸጣል። 45ቱም ቢሞላ 22,500 ብር ያተርፋል። 36 ሰው ብቻ ቢመጣ ግን የሚሰበስበው 162,000 ብር ስለሆነ 18,000 ብር ይከስራል። በዘጠኝ ሰው ልዩነት ትርፉ ኪሳራ ይሆናል። በመጨረሻው ሳምንት ዋጋ የሚቆርጥ አዘጋጅም ለተጓዡ አዝኖ ሳይሆን ወጪው አስቀድሞ ስለወጣ ነው፤ ባዶ ከሚሄድ ወንበር ግማሽ ዋጋም ይሻላል።

በዚህ ላይ የጊዜው ልዩነት አለ። በኅዳር ዋጋ የተነገረው ተጓዥ የሚሄደው በጥር ነው። ከ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ መሸጫው በየጊዜው ተከልሷል። በመካከሉ ነዳጅ ቢጨምር ጭማሪውን ማን ይሸከማል የሚለው በወረቀት ካልሰፈረ ጠቡ የሚነሣው መናኸሪያ ላይ ነው።

ጉዞው ቢቀርስ?

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። የአማራ ክልል ግጭት በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የመንገድ ሥጋት የጉዞው ሒሳብ አካል ሆኗል። መንገድ ሲዘጋ የተጓዡ ገንዘብ በአዘጋጁ እጅ የለም፤ ከፊሉ ከመኪናው ባለቤት፣ ከፊሉ ከሆቴሉ ዘንድ በቀብድነት ተቀምጧል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ በቀር ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ከዐቅም በላይ የሆነ ምክንያት የሚባለውም ባለዕዳው ሊገምተው የማይችለው፣ ግዴታውንም ፈጽሞ የሚያግደው ነገር ነው። ውሉ ሲፈረም ሁሉም የሚያውቀውን የመንገድ ሥጋት በኋላ ያልታሰበ ነገር ነበር ብሎ መከራከር ያስቸግራል። ስለዚህ «መንገድ ቢዘጋ ቀብዱ ይመለሳል» ወይም «ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል» የሚል አንድ መስመር ከአዘጋጁ ጋርም፣ አዘጋጁ ከመኪናው ባለቤትና ከሆቴሉ ጋር በሚገባው ውልም ሊጻፍ ይገባል። በአንደኛው ብቻ ከተጻፈ ጉዳቱ መካከል ባለው አዘጋጅ ላይ ይወድቃል።

ዋጋ ሲወዳደር ደኅንነትም መታየት አለበት። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት በመዋኛው አጠገብ የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል። «ልዩ መመልከቻ ቦታ» ተብሎ ተጨማሪ ዋጋ ሲጠየቅ መቀመጫውን ማን እንደሠራውና ማን እንደፈተሸው መጠየቅ መብት ነው።

ለባለሀብቱ የሚቀረው ትምህርትም ከዚሁ ይገኛል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንደሚባለው በጥር አልጋው ያልተያዘለት ሆቴል በሌላው ወር ተስፋው ቀጭን ነው። ይሁን እንጂ የባንክ ወለድ የሚቆጠረው ለሦስት ቀን ሳይሆን ለ12 ወር ነው። በጥምቀት ሙላት ተመርቶ የሚገነባ አልጋ የሰኔንና የሐምሌን ባዶነት መቻሉ አስቀድሞ መሰላት አለበት። በዓሉ ደንበኛ ያስተዋውቃል፤ ዕዳ የሚከፍለው ግን በዓሉ ካለፈ በኋላ ተመልሶ የሚመጣው ደንበኛ ነው።