ሀርድ ዲስክ «ጠቅ፣ ጠቅ» ሲል ምን እናድርግ?

ባለፈው ሴሚስተር ከመካከላችን አንድ ቡድን የማስተማር ልምምድ ሪፖርቱን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ አስቀምጦ ነበር። ኮምፒዩተሩ ሳምንት ሙሉ ሲንቀራፈፍ፣ ከሆዱም «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ሲያሰማ ሰነበተ። «አይ፣ አርጅቶ ነው» ተባለና ታለፈ። በማስረከቢያው ዋዜማ ግን ጨርሶ አልነሳም አለ። አንዱ ጓደኛችን «ቆይ እስቲ ልየው» ብሎ ሀርድ ዲስኩን አወጣና ክዳኑን በካቻቪቴ ፈታው። የአራት ወር ሥራ በዚያው ቀረ።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ያ ነገር እንዳይደገም ነው። እንደሚታወቀው በመምህር ኮምፒዩተር ውስጥ የተማሪ ውጤት፣ የትምህርት ዕቅድና የፈተና ጥያቄ አለ። ሀርድ ዲስክ በገንዘብ ይተካል፤ በውስጡ ያለው ግን በገንዘብ አይገኝም።

ለመሆኑ ሀርድ ዲስክ እንዴት ይሠራል?

በውስጡ እንደ መስተዋት የለሰለሱ ክብ ሳህኖች አሉ። በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። በላያቸው ላይ «ሄድ» የሚባል ማንበቢያ ይመላለሳል። ነገሩ የሸክላ ማጫወቻ መርፌን ይመስላል፤ ልዩነቱ ሄዱ ሳህኑን አለመንካቱ ነው። ሳህኑ ሲሽከረከር አብሮት የሚነዳው አየር ሄዱን አንሳፎ ይይዘዋል። ክፍተቱ ከአንድ ጸጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ፣ ለእኛ የማትታይ አቧራ ለሄዱ እንደ ቋጥኝ ናት። ክዳኑን በክፍላችን ውስጥ መክፈት ማለት እንግዲህ ዲስኩን መግደል ማለት ነው።

አየሩ ከየት ይመጣል? ተራው ሀርድ ዲስክ ማጣሪያ ባላት ትንሽ ቀዳዳ ከውጭ አየር ይተነፍሳል። ስለዚህ የቦታ ከፍታ ይነካዋል። ብዙ አምራቾች ዲስካቸው እንዲሠራ የሚፈቅዱት እስከ 3,050 ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ ነው። እዚህ ታች የካ ውስጥ ያለን ሰዎች ከዚህ ወሰን በታች ነን። ሽቅብ ወደ እንጦጦ ስንወጣስ? ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው። ሯጮቻችን ለልምምድ የሚፈልጉት ስስ አየር ለሀርድ ዲስክ አይመቸውም፤ ሄዱን የሚያንሳፍፈው አየር ሲሳሳ ሄዱ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። ይህ ማለት ዲስኩ ጋራው ላይ በወጣበት ቀን ይሰበራል ማለት አይደለም፤ ለስህተት የሚተርፈው ቦታ ይጠብበታል ማለት ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 የጥቁር ጉድጓድን ምስል ለማንሳት በተለያዩ አህጉራት የተሰለፉት ቴሌስኮፖች አንዳንዶቹ ከ4,000 ሜትር በላይ ጋራ ላይ ስለነበሩ፣ ሄሊየም በሚባል ጋዝ ተሞልተው የታሸጉ ዲስኮችን ተጠቅመዋል። መረጃው በኢንተርኔት ለመላክ እጅግ ስለበዛ ዲስኮቹ በአውሮፕላን ተጓጓዙ። የደቡብ ዋልታው ክረምቱ እስኪያልፍ ወራት ጠበቀ። ምስሉ በ2019 ይፋ ሆነ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

አንደኛ፣ ምልክቱን እንወቅ። መንቀራፈፍ፣ ፋይል አልከፈት ማለት፣ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ የዲስክ ማስጠንቀቂያ ማሳየት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠቅታ ናቸው። ምልክቱ ከታየ በዚያ ዲስክ ላይ አዲስ ነገር አንጻፍ፤ የዲስክ መጠገኛ ፕሮግራምም አናስነሳ። ለታመመ ሰው ሩጫ አይታዘዝም! ጠቅታው ከበረታ ወዲያው እናጥፋው፤ ውስጡ ያለው የማይተካ ከሆነም ለመረጃ ማዳን ባለሙያ እንስጠው።

ሁለተኛ፣ ምትኩን እናዘጋጅ። አዲሱ ከአሮጌው እኩል ወይም የበለጠ መረጃ የሚይዝ ይሁን። የመያያዣው ዓይነትና መጠኑ መግጠሙን እናረጋግጥ። ኤስኤስዲ የሚባለው የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው አየር አይፈልግም፤ ለከፍታ ቦታም ይሻላል። ታዲያ እሱም ይሞታል፤ ብዙ ጊዜም ድምፅ ሳያሰማ ነው።

ሦስተኛ፣ ኤሌክትሪኩን ከሶኬት እንንቀል፤ የላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውንም እናላቅ። ዲስኩን ከመንካታችን በፊት የኮምፒዩተሩን ብረት እንንካ። በተለይ በደረቁ የበጋ ወራት በልብሳችን ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል።

አራተኛ፣ እንገልብጥ። «ዲዲሬስኪዩ» የሚባለው ነጻ የሊኑክስ ፕሮግራም በመጀመሪያ ጤነኛውን ክፍል ገልብጦ አስቸጋሪውን ወደ ኋላ ያቆየዋል። እዚህ ላይ እጅግ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የትኛው ምንጭ፣ የትኛው መድረሻ እንደሆነ ሁለት ሰው ሆነን እናንብብ። አቅጣጫው ከተገለበጠ ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ ይጻፍበታል፤ ከዚያ በኋላ ልቅሶ ነው። መብራት እንዳይጠፋብንም ኮምፒዩተሩን ከዩፒኤስ ጋር እናያይዝ።

አምስተኛ፣ እናረጋግጥ። አዲሱን ዲስክ ገጥመን የፋይሎቹን ስም በማየት ብቻ አንርካ፤ ከየዓይነቱ ከፍተን እናንብብ። አሮጌውን ይህ ሁሉ ሳያልቅ አንጣለው።

ከሁሉም የሚቀድመው ግን ዲስኩ ገና ደኅና ሳለ የሚሠራው ሥራ ነው። በየሳምንቱ ዓርብ አንድ ግልባጭ በፍላሽ ወይም በውጭ ዲስክ እንያዝ፤ እሱንም ከኮምፒዩተሩ ጋር በአንድ ቦርሳ አንያዘው፤ ሌባም እሳትም ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይወስዳቸዋልና። ይህን ልማድ ነገ በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ለተማሪዎቻችን ካሳየናቸው የእኛ ቡድን ኪሳራ ከንቱ አልቀረም።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ዛሬ ዓርብ ነው እንበልና፣ ግልባጭህ የት አለ? ግልባጭሽስ?