ቴሌቪዥን ላይ ሙዚቃ ሲጀመር፦ ከማዘጋጃ ቤቱ ስቱዲዮ እስከ “ሮሃ”

ዛሬ አዲስ ክሊፕ ሲለቀቅ ላሊበላ ያለውም፣ አዲስ አበባ ያለውም፣ ዲሲ ያለውም በአንድ ሰዓት ያየዋል (ኔትወርክ ካለ ማለታችን ነው 😄)። አያቶቻችን ግን ዘፋኙን በሬዲዮ ሰምተው መልኩን ሳያውቁ ዓመታት ያሳልፉ ነበር። ታዲያ ሙዚቃ ወደ ቴሌቪዥናችን እንዴት ገባ? ያ ሁሉ ምስልስ የት ደረሰ? ዛሬ ይህን ይዘንላችሁ መጥተናል።

📺 ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። ስቱዲዮው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ ምስሉም ጥቁርና ነጭ።

ጊዜውን ልብ በሉ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኖቬምበር 1964 መሆኑ ነው። የእንግሊዙ ቢቢሲ “ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ” የተባለውን ታዋቂ የሙዚቃ ፕሮግራም የጀመረው ጃንዋሪ 1 ቀን በዚያው በ1964 ነው። ማለትም እኛ ቴሌቪዥን የከፈትነው፣ ዓለም ፖፕ ሙዚቃን በየሳምንቱ በስክሪን ማየት በለመደበት ሰሞን ነበር።

ልዩነቱ ባንዶቹ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የእኛዎቹ ትልልቅ ባንዶች የመንግሥት ነበሩ፤ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ የጦር ሠራዊት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር። ጥላሁን ገሠሠና ማህሙድ አህመድ የክብር ዘበኛ፣ አለማየሁ እሸቴ ደግሞ የፖሊስ ኦርኬስትራ ልጆች ናቸው። ዘፋኙ ደመወዝተኛ ነው፣ ባንዱም አዛዥ አለው። አለማየሁ ግን በፀጉሩና በአለባበሱ ኤልቪስ ፕሪስሊን ይዞ ብቅ አለና “የአቢሲኒያው ኤልቪስ” ተባለ።

ሸክላ የማሳተም መብትም በሕግ የሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ የ24 ዓመት ወጣት ይህን ጥሶ የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ። መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላ ቤይሩት እያሳተመ በስድስት ዓመት ውስጥ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጣ። ዛሬ የዚያን ዘመን ሙዚቃ በጥራት የምንሰማው በአብዛኛው እንደነዚህ ባሉ ሸክላዎች ምክንያት ነው። ድምፁ ተረፈ። ምስሉ ግን እንደዚያ ዕድለኛ አልነበረም።

🎸 ሮሃ ማለት ላሊበላ ነው

ደርግ ሲመጣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የምሽት ክበቦች ተዳከሙ። ባንዶች ሆቴል ውስጥ ተጠለሉ፤ ዋልያስ ሂልተን፣ አይቤክስ ራስ ሆቴል። ማታ ከቤት መውጣት ለማይችል የከተማ ሰው ደግሞ ቴሌቪዥኑ መድረክ ሆነለት። የእሑዱን “ኅብረ ትርኢት” እና የዘመን መለወጫ ዋዜማ ዝግጅት እናትና አባቶቻችሁን ጠይቋቸው፤ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ተሰብስቦ ማየት ምን እንደሚመስል ይነግሯችኋል።

አይቤክስ በኋላ ስሙን ቀይሮ “ሮሃ ባንድ” ሆነ። ሮሃ የላሊበላ ከተማ የጥንት ስሟ ነው! ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ፣ ሰላም ሥዩም በጊታር፣ ዳዊት ይፍሩ በኪቦርድ የተጫወቱበት ይህ ባንድ የካሴቱን ዘመን ድምፅ ከቀረፁት ዋነኞቹ አንዱ ነው።

ከወሎ የተወሰደው ስሙ ብቻም አይደለም። ከአራቱ ዋና ቅኝቶቻችን (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ) ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም ናቸው። አዝማሪው በማሲንቆ የሚጫወተውን ቅኝት ባንዶቹ በጊታርና በሳክስፎን አመጡት። ማሪቱ ለገሰን ያፈራው የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድንም ባህላዊውን አጨዋወት ይዞ ከደሴ ተነሥቶ በአገር ደረጃ ታወቀ።

🌍 1977፦ ሁለት ቴሌቪዥኖች፣ አንድ ወሎ

መስከረም 1977 ዓ.ም. አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በቀለም ማስተላለፍ ጀመረ። ወር ከምናምን ቆይቶ፣ ጥቅምት 13፣ ቢቢሲ ከኮረም የረሃቡን ዘገባ አሳየ። ኮረም ያኔ ወሎ ውስጥ ነበረች።

ዘገባውን ያየው ቦብ ጌልዶፍ ሙዚቀኞችን ሰብስቦ “ባንድ ኤይድ”ን አቋቋመ። ዘፈናቸው በዚያው በ“ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ” ታየ፤ ሐምሌ 6 ደግሞ “ላይቭ ኤይድ” በዓለም ዙሪያ ተላለፈ። ገንዘቡ የሰው ሕይወት አትርፏል፤ ይህን መካድ አንችልም። የዘፈኑ ርዕስ ግን “ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?” የሚል ነው። ጥያቄው የተነሣው ላሊበላ ላለችበት ወሎ ነው፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ቀን ሕዝቡ ከየአገሩ በእግሩ ሳይቀር የሚመጣበት፣ ካህናቱ ቤዛ ኩሉ የሚሉበት አገር!

የራስህን ምስል ካላስቀመጥክ ሌላው ባሳየህ መልክ ብቻ ትታወቃለህ የምንለው ለዚህ ነው። በ1980 ዓ.ም. “ሕዝብ ለሕዝብ” የተባለው የኪነት ጓድ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ሄዶ የረዳንን ዓለም ሲያመሰግን፣ ኢትዮጵያ ረሃብ ብቻ አለመሆኗንም አሳይቷል።

📼 ብራናው ቆየ፣ ቴፑስ?

ከላሊበላ በላይ፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ያለችውን አሸተን ማርያምን የጎበኛችሁ ታውቃላችሁ፤ ቄሱ የቆየ ብራናና መስቀል አውጥተው ያሳያሉ። ብራና ቆዳ ነው፤ በአግባቡ ከተያዘ መቶ ዓመታትን ይሻገራል። የቪዲዮ ቴፕ ግን ቀጭን የብረት ዝገት የተቀባ ፕላስቲክ ነው። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ማጣበቂያው ይለቃል፣ ቅቡ ይረግፋል።

ሌላው ችግር ዋጋው ነበር። ቴፕ ውድ ስለነበር ቢቢሲ ሳይቀር በአሮጌው ላይ አዲስ እየቀዳ፣ ከ1960ዎቹ የ“ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ” ሥርጭቶች ሙሉ ሆነው የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቢትልስ እ.ኤ.አ. በ1966 በአካል የቀረቡበት ጠፍቶ ነበር። በ2019 የ11 ሴኮንድ ቁራጭ ተገኘች፤ ያውም ድምፅ የሌላት፣ አንድ ቤተሰብ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥኑን በካሜራ የቀረፃት!

የእኛም ነገር እንዲህ ሊሆን ይችላል። ከመሳቢያና ከአልጋ ሥር ያሉት የቪኤችኤስ ካሴቶች ሠርግ ብቻ አይደሉም፤ ከቴሌቪዥን የተቀዳ ዋዜማም ይኖርባቸዋል። ስለዚህ፦

✅ ካሴት አትጣሉ። ቀጥ አድርጋችሁ፣ ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከስፒከር አርቃችሁ አስቀምጡ።
✅ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ማጫወቻ ውስጥ አትክተቱት፤ ቴፑንም ማሽኑንም ያበላሻል።
✅ ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ቤት ካለ ቶሎ አስገልብጡ። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረት አቁሟል፤ የቀሩት ማሽኖችም እያለቁ ነው።
✅ ምንም አማራጭ ከሌለ ስክሪኑን በስልካችሁ ቅረፁ። ቢያንስ 11 ሴኮንድ ትተርፋለች።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ካሴት ካለ ላዩ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንሥታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን። ዓመተ ምሕረቱንና የዘፋኞቹን ስም ከታላላቆቻችሁ ጠይቃችሁ አብራችሁ ጻፉልን፤ እነሱ እያሉ ነው መጠየቅ 🙏