«ናይስ»፦ የአንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል ፍቺ፣ አጻጻፍና አነባበብ

በእንግሊዝኛ በጣም ከሚዘወተሩት ቅጽሎች፣ ማለትም የስምን ጠባይ ወይም ዓይነት ከሚገልጹት ቃላት፣ አንዱ «ናይስ» ነው። ለምግቡም፣ ለልብሱም፣ ለአየሩም፣ ለሰው ጠባይም ስለሚነገር እንደገባበት ዓረፍተ ነገር «ጥሩ»፣ «ደስ የሚል»፣ «ያማረ» ወይም «ደግ» ተብሎ ይፈታል፤ ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ምስጋና ለቃሉ ዘግይቶ የመጣለት ነው፤ ጥንት መነቀፊያ ነበር።

ምንጩ «ኔስኪዩስ» የተሰኘው የላቲን ቃል ሲሆን፣ «ኔ» አፍራሽ፣ «ስኪሬ» ደግሞ «ማወቅ» ማለት ስለሆነ፣ ፍቺው «የማያውቅ» ይሆናል። በአማርኛም የተለመደው «ሳይንስ» ከዚሁ «ስኪሬ» የወጣ ነውና ሁለቱ ቃላት የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ቃሉ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እ.ኤ.አ. በ1300 ገደማ እንግሊዝኛ ሲደርስ ቂልን ሰው የሚገልጽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈሪና ዓይን አፋርን፣ ቀጥሎም ምርጫ የሚያበዛንና ቶሎ የሚጠየፍን ሰው ማመልከት ያዘ፤ ምርጫ የሚያበዛ ሰው ሌላው የማያየውን ጥቃቅን ልዩነት ስለሚለይ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን «ጥንቁቅ»፣ «ረቂቅ» የሚለው ፍቺ ታከለበት። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት በግንባር ያስቀመጠው ይህንኑ የጥንቃቄና የትክክለኛነት ፍቺ ነው። «ደስ የሚል» የሚለው የተስፋፋው ከ18ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በኋላ ሲሆን፣ የጄን ኦስተን «ኖርዛንገር አቢ» ልብ ወለድ ውስጥ ሄንሪ ቲልኒ የተባለው ገጸ ባሕርይ ቃሉ ለሁሉ ነገር መዋሉን አንሥቶ ይሣለቃል። ስለዚህ የቆየ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ቃሉን ባገኘው ቁጥር በዛሬው ፍቺ ከወሰደው ነቀፌታውን ምስጋና አድርጎ ሊረዳው ይችላል።

አጻጻፉ በአራት ፊደላት፣ በኤን፣ በአይ፣ በሲ እና በኢ ነው። በመካከለኛው ዘመን «አይ» የተባለው ፊደል እንደ ረዥም «ኢ» ይነበብ ስለነበር ቃሉ ወደ «ኒስ» የቀረበ ድምፅ ነበረው፤ መጨረሻው ላይ ያለው ፊደልም በለሆሳስ ይሰማ ነበር። ከ1400 እስከ 1700 ገደማ በተካሄደውና የቋንቋ ሊቃውንት ታላቁ የአናባቢ ሽግግር በሚሉት ለውጥ ረዣዥሞቹ አናባቢዎች ቦታ ሲለቁ «ኢ» ወደ «አይ» ተቀየረ። ዊልያም ካክስተን በ1476 ወደ እንግሊዝ ያስገባው ማተሚያ ግን ለውጡ ሳያበቃ የአጻጻፍን ልማድ እያጸና ስለሄደ፣ ጽሕፈቱ የቀድሞውን ድምፅ እንደያዘ ቀረ። አማርኛም «ንጉሥ» በሚለው ቃል ውስጥ «ሠ»ን ከ«ሰ» ለይቶ የሚጽፈው በንግግር የጠፋን የግዕዝ ልዩነት ስለሚጠብቅ ነው፤ የእንግሊዝኛን አጻጻፍ ሥርዓት የለሽ ነው ብሎ ከመናቅ በፊት ይህን ማሰብ ይገባል። «ሲ» ከ«ኢ» በፊት «ስ» ተብሎ መነበቡ የፈረንሳይ ጸሐፍት ልማድ ሲሆን፣ በጥንታዊው እንግሊዝኛ በኤስ ይጻፍ የነበረው «አይስ»፣ ማለትም በረዶ፣ ሳይቀር በኋላ በሲ መጻፍ የጀመረው ይህንኑ ተከትሎ ነው።

በዛሬው አነባበብ ቃሉ አንድ ክፍለ ቃል ብቻ አለው። አናባቢው «ላይ» በሚለው የአማርኛ ቃል ውስጥ እንዳለው ከ«አ» ወደ «ይ» ሳይቋረጥ ይንሸራተታል፤ መጨረሻው ጥርት ያለ «ስ» እንጂ «ዝ» አይደለም። «ራይስ» ሩዝ፣ «ራይዝ» መነሣት እንደሆነ ሁሉ ይህ ልዩነት በእንግሊዝኛ ፍቺ ይለውጣል፤ ከ«ስ» በፊት ያለው አናባቢም ከ«ዝ» በፊት ካለው ያጥራል። ለማወዳደር «ናይሰር»፣ ለማላቅ «ናይሰስት» ይባላል። ስሙ «ናይሲቲ» ሦስት ክፍለ ቃላት ያሉት ሲሆን፣ ዛሬም ረቂቅ ዝርዝርን ስለሚያመለክት የ16ኛውን መቶ ዘመን ፍቺ ጠብቆታል። በትልቁ ኤን ተጽፎ ሲገኝ ግን የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ ስም ሊሆን ይችላል፤ ይህ ስም ከግሪክኛው «ኒካያ» የመጣ ስለሆነ ከቅጽሉ ጋር ዝምድና የለውም፣ የሚነበበውም «ኒስ» ተብሎ ነው።