ከጋፋት ምድጃ እስከ ቤታችን ጓዳ፤ ስለ ኬሚስትሪ ትምህርት

ሊቃውንቶቻችን ስለ ሥነ ፍጥረት ሲያስተምሩ ግዙፉ ዓለም ከአራቱ ባሕርያት ማለት ከመሬት፥ ከውሃ፥ ከነፋስና ከእሳት እንደ ተሠራ ይናገራሉ። የኋለኞቹ መርማሪዎች ደግሞ ውሃም ነፋስም ራሳቸው ተከፋፋይ መሆናቸውን አግኝተው እስከ ዛሬ ድረስ 118 ንጥረ ነገሮችን በስም በስማቸው ቈጥረዋል። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ሲገናኙና ሲለያዩ ምን እንደሚሆኑ የሚመረምረው ትምህርት ኬሚስትሪ ይባላል። ከወላጆች ብዙዎቹ ይህ ትምህርት ከባሕር ማዶ በሚመጣ ዕቃ ካልሆነ በቀር የማይቻል ይመስላቸዋል። ነገር ግን በደብረ ታቦር አገር ሥራው ከተጀመረ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፥ ዐፄ ቴዎድሮስ እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርንና የፖላንዱን ተወላጅ ሞሪትዝ ሃልን የመሳሰሉ የውጭ አገር ሰዎችን ሰብስበው መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዙ፤ የኢትዮጵያ ልጆችም በዚያው ፊደልና የእጅ ሥራ እንዲማሩ አደረጉ። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከዚያ ወጣ። የዚህም ብልሃት ኬሚስትሪ ነው። መዳብ ብቻውን የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ቆርቆሮ የተባለው ማዕድን ሲጨመርበት ግን ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል፥ ሲበርድም ከሁለቱ ይልቅ የጠነከረ ነሐስ ይሆናል። የሚፈስበት የጭቃ ቅርጽ ጥቂት እርጥበት እንኳ ቢቀርበት ውሃው ባንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል፤ ስለዚህ የሠራተኛው ትዕግሥት ከእሳቱ ይቀድማል።

መድፉ በ1860 ዓ.ም. በብዙ ድካም ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን ካረፉ በኋላ የውጭ አገር ሠራተኞቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ የጋፋትም ሥራ በዚያው ቀረ። ጥበብ በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ የተቀመጠ እንደ ሆነ እነርሱ ሲሄዱ አብሮ ይሄዳል። ብዙ ልጆች ምክንያቱን ያወቁት እንደ ሆነ ግን አገር አያጣውም። ስለዚህ አባት ወይም እናት ባሉበት በቤት የሚደረጉ ሦስት ፈተናዎችን ከዚህ በታች እናመለክታለን።

መጀመሪያው የእሳት ነው። በሳሕን ጥቂት ውሃ ይጨመር፤ በመካከሉ አጭር ጧፍ ቆሞ ይብራ፤ በላዩም ብርጭቆ ይደፋበት። ጧፉ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል፤ ውሃውም በብርጭቆው ውስጥ ከፍ ይላል። ከምንተነፍሰው አየር ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ኦክሲጅን ነውና፥ እሳቱ የሞተው እርሱ ስላነሰው ነው። ውሃው ከፍ ያለበት ዋና ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ በነበልባሉ የሞቀው አየር ሲበርድ ተሰብስቦ ቦታ ስለሚለቅ ነው።

ሁለተኛው የኖራ ነው። የበረደና ብዙ ያልቆየ ኖራ በውሃ ተበጥብጦ ይደር፤ ከላይ የጠለለው ጥሩ ውሃ ብቻ በብርጭቆ ይቀዳ። ልጁም በገለባ ቀስ ብሎ እፍ ይበልበት፤ ወደ አፉ ግን ከቶ አይሳብ፥ ኖራ አፍንና ዓይንን ያቃጥላልና። ውሃው ወተት መስሎ ይነጣል። ምክንያቱም ከእስትንፋሳችን የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኖራው ጋር ተገናኝቶ እንደገና የኖራ ድንጋይ ስለሚሆን ነው። የጎንደር ግንቦች የተያያዙበት ኖራም ከነፋሱ ይህንኑ እየሳበ ነው የጠነከረው።

ሦስተኛው የአመድ ነው። በጣራ ገዳም ደን ቆሞ የሚታየው ወይራ የግንዱን ካርቦን የሳበው በቅጠሉ ከአየር ነው፤ ሥሩ ከመሬት የሰበሰበው ማዕድን ደግሞ እንጨቱ ሲነድ አመድ ሆኖ ይቀራል። የምድጃ አመድ በውሃ ተዘፍዝፎ ይጥለል። ነጭ ወረቀት በእርድ ውሃ ተነክሮ ይድረቅ፤ የአመዱም ውሃ ጠብ ይበልበት። ቢጫው ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ሎሚ ሲጨመቅበት ቢጫነቱ ይመለሳል። የአመድ ውሃ አልካሊ፥ ሎሚ አሲድ ይባላል፤ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያበርዳል።

ከእነዚህም የሚገኘው ትርፍ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በደጋው አገር ብርድ ሲጸና የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በርና መስኮት መዝጋት የብዙ ቤት ልማድ ነው። በተዘጋ ቤት ግን ኦክሲጅን ያነሰው ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወልዳል። ይህ መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደማችን ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዝና የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ራሱን ያመመው፥ ያዞረውና ያቅለሸለሸው ሰው ፈጥኖ ወደ ውጭ አየር ይውጣ፤ ወደ ሐኪምም ይወሰድ። በብርጭቆ ውስጥ የጠፋውን ጧፍ ያየ ልጅ ይህን ነገር ቶሎ ያስተውላል፤ ምናልባትም ለቤተ ሰቡ ሁሉ ነፍስ ምክንያት ይሆናል።

የእጅ ሥራ በአገራችን ለረጅም ዘመን ተንቆ ነበር፤ ብረት ቀጥቃጩም ሸክላ ሠሪዋም ሲሰደቡ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። በኦሪት ዘጸአትም እግዚአብሔር ባስልኤልን ወርቅና ብር ናስም ይሠራ ዘንድ ጥበብን እንደ ሞላበት ተጽፏል። እንግዲህ ልጅ ስለ ምድጃው፥ ስለ አመዱና ስለ ኖራው ሲጠይቅ፥ «ዝም በል» ተብሎ አይገሠጽ፤ ጧፍና ብርጭቆ ይሰጠውና ከወላጁ ጋር ይመርምር። ጋፋት ያጣችው እንዲህ ያለውን ጠያቂ ትውልድ ነውና።