የዝግታ ፈረሰኞችና አሠልጣኞቻቸው

አንድ ልጅ ፈረስ ላይ ለማስቀመጥ አራት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ፈረሱን ይስባል። ሁለቱ ግራና ቀኝ ሆነው ልጁን ያጅባሉ። አራተኛዋ ሜዳው መሀል ትቆማለች፤ ከሩቅ ለሚያያት ሥራ ፈት ትመስላለች። ፈረሱን የመረጠችው፣ ዛሬ ልጁ ምን እንደሚማር የወሰነችው፣ አንድ ነገር ቢበላሽም የምትጠየቀው ግን እሷ ናት። ብሪታንያ ውስጥ ለዚህ ድካሟ ብዙውን ጊዜ አምስት ሳንቲም አይከፈላትም።

ይህች ሴት (ወንዶችም አሉ፤ ሴቶቹ ግን ይበዛሉ) አካል ጉዳተኞችን ፈረስ መጋለብ የምታስተምር በጎ ፈቃደኛ አሠልጣኝ ናት። ሐኪም አይደለችም። ፊዚዮቴራፒስት የፈረስን እንቅስቃሴ ለሕክምና ሲጠቀምበት ሥራው ሂፖቴራፒ ይባላል፤ ያ የጤና ባለሙያ ሥራ ነው። የእሷ ሥራ ግን ትምህርት ነው። ፈረሱ ላይ ያለው ልጅ ዛብ መያዝን፣ ማስቆምን፣ ማዞርን የሚማር ተማሪ እንጂ የሚታከም በሽተኛ አይደለም። ሰውነቱ ቢጠነክር፣ አንደበቱ ቢፈታ እሰየው ነው፤ የሚመጣው ግን ከመማሩ ጋር ተያይዞ ነው።

መጋለብ ሲባል እኛ የምናስበው ጉግስን ነው፤ አቧራውን፣ ዘንጉን፣ ጋማው የተሸለመውን ፈረስ። እዚህ ግን አብዛኛው ትምህርት በእርምጃ ተጀምሮ በእርምጃ ያልቃል። ሶምሶማ ለአንዳንዱ ተማሪ ከወራት በኋላ ይመጣል፤ ለአንዳንዱ ከነጭራሹ አይመጣም። ጉግስ እያየ ላደገ ሰው ነገሩ አሰልቺ ሊመስለው ይችላል። አንድ ሰዓት ቆሞ ቢመለከት ግን ሐሳቡን የሚለውጥ ይመስለኛል።

ሥራው በሰፊው የታወቀው በአንዲት ዴንማርካዊት ምክንያት ነው። ሊስ ሃርቴል እ.ኤ.አ. በ1944 ነፍሰ ጡር ሳለች ፖሊዮ ያዛት፤ ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበረች። ሕፃኗ በጤና ተወለደች፤ የእናትየው እግሮች ግን ከጉልበት በታች ዳግመኛ አልታዘዙላትም። ከረጅም ልፋት በኋላ ወደ ኮርቻ ተመለሰች። ጁቢሊ የተባለችው ፈረሷም በእግር ጉሰማ ሳይሆን በጋላቢዋ ክብደትና በወገቧ እንቅስቃሴ መታዘዝን ለመደች። ያኔ የኦሊምፒክ ድሬሳዥ፣ ማለትም ፈረስን በሥርዓትና በስልት የማስኬድ ውድድር፣ ለጦር መኮንኖች ብቻ የተከለለ ነበር። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ በሩ ለሲቪሎችና ለሴቶች ሲከፈት፣ ለመውጣትም ለመውረድም ሰው የሚደግፋት ሃርቴል ከወንዶች ጋር ተወዳድራ የብር ሜዳሊያ አገኘች። ወርቁን የወሰደው ስዊድናዊው ሄንሪ ሳን ሲር ደግፎ ወደ ሽልማቱ መድረክ አወጣት። በ1956 ስቶክሆልም ላይ ብሩን ደገመችው።

ከዚያ በኋላ በስካንዲኔቪያና በብሪታንያ ፊዚዮቴራፒስቶችና ፈረስ ወዳዶች ልጆችን ፈረስ ላይ ማውጣት ጀመሩ። ብሪታንያ ውስጥ እዚህም እዚያም የተበተኑት ቡድኖች በ1969 አንድ ማኅበር ሆኑ፤ ዛሬ በአጭሩ አርዲኤ ይባላል። ልዕልት አን በ1971 የበላይ ጠባቂው፣ በ1985 ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ሆነች። በዚያው በ1969 አሜሪካም የራሷን ማኅበር አቋቋመች፤ አሁን ስሙ ፓዝ ኢንተርናሽናል ነው። አርዲኤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቡድኖች አሉት፤ ያቆሙትም በዋናነት በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ለምን ፈረስ ሆነ? ምሥጢሩ ያለው እርምጃው ላይ ነው። ፈረስ ሲራመድ የተቀመጠበት ሰው ዳሌ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላል፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፣ በመጠኑም ይዞራል። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ነው የሚሆኑት። ሰው በእግሩ ሲሄድ ዳሌው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ አንድም ቀን ቆሞ ሄዶ የማያውቅ ልጅ ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ፣ ወገቡ የመራመድን ንቅናቄ ይቀበላል፤ ጀርባውና ሆዱም ላለመውደቅ ሲሉ ይመልሳሉ። ንቅናቄው በደቂቃ ወደ መቶ ይጠጋል፤ በሃያ ደቂቃ ሁለት ሺህ ገደማ ማለት ነው። በዚያ ላይ የፈረስ ገላ ወደ 38 ዲግሪ ስለሚሞቅ፣ ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትና ጭኑ የተቋጠረ ልጅ ቀስ በቀስ ሲለቀው ይታያል።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ? ንቅናቄውን ፈረሱ ያመጣዋል፤ ትምህርት የምታደርገው አሠልጣኟ ናት። ልጁ ወደ ፊት የሚደፋ ከሆነ ፈረሱን ደጋግማ ታስቆማለች፣ ታስነሳለች፤ በቆመና በተነሳ ቁጥር ልጁ ደረቱን ለማቅናት ይገደዳል። ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል ከሆነ ክብና እባብማ መንገድ ታስኬደዋለች። ቀኝ እጁን ብቻ ለሚጠቀም ልጅ ቀለበቶችን በግራ በኩል ታሰቅልለታለች፤ ለመድረስ ወገቡን ያዞራል፤ እሱ ግን ጨዋታ ላይ እንጂ ስፖርት ላይ ያለ አይመስለውም። ቀለም ለመለየት ለሚቸገር ቀይ ደብዳቤ ይሰጠዋል፤ ቀዩን የፖስታ ሳጥን ፈልጎ፣ ፈረሱን አስቁሞ፣ መክተት አለበት። ይህ ሁሉ ታቅዶ የተጻፈ ነው። ያለ ዕቅድ ሜዳውን መዞር ሽርሽር ነው፤ ሽርሽር ክፋት የለውም፣ ትምህርት ግን አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው መጠበቅ ነው። ኦቲዝም ያለበትና የማይናገር ልጅ ፈረሱ ላይ ተቀምጧል እንበል። ፈረሱ እንዲሄድ ልጁ አንድ ነገር ማድረግ አለበት፤ ቃል ቢያወጣ፣ አንገቱን መታ ቢያደርገው፣ ምልክት ቢያሳይ ይበቃል። አሠልጣኟ አንዴ ትናገርና ዝም ትላለች። አምስት ሰከንድ፣ አሥር ሰከንድ። ሳቢው እጁ እያሳከከው፣ አጃቢዎቹ «በል እንጂ» ለማለት ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ፣ ሁሉም ይጠብቃል። ሳቢው አዝኖ ፈረሱን ቢያስነሳው ልጁ የሚማረው ዝም ማለት እንደሚያዋጣ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ሥርዓቱ ጥብቅ የሆነው፦ ሳቢ ከፈረሱ ዓይኑን አይነቅልም፣ አጃቢዎች ከተማሪው፤ ተማሪውን የምታዝዘው አንዷ አሠልጣኝ ብቻ ናት። አራት ሰው በአንድ ጊዜ ከተናገረው የትኛውን ይስማ?

አጃቢዎቹም ሙያ አላቸው። መያዝ ካስፈለገ ክንዳቸውን በልጁ ጭን ላይ አሳልፈው ኮርቻውን ይይዛሉ። አንዱ ከሌላው አጥብቆ ከያዘ ልጁ ይጣመማል፣ ፈረሱም አብሮ ይጣመማል። ክንድ ሲዝል ፈረሱ ይቆምና ተራ በተራ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ አይለቁም። ጎበዝ አሠልጣኝ ግን ከመያዙ ይልቅ መልቀቁን ታሰላለች። ዛሬ ጭን ላይ የነበረው ክንድ በሚቀጥለው ወር ቁርጭምጭሚት ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ አጃቢው አጠገቡ ይራመዳል እንጂ አይነካውም፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ይርቃል። የሙያዋን ብቃት መመዘን የሚፈልግ ሰው ይህን ቢያይ ይበቃዋል። ፍርሃት ያለባት አሠልጣኝ ተማሪዋን ለዓመታት በአራት እጅ አስይዛ ልታዞረው ትችላለች፤ አይወድቅም፣ አይማርምም።

እምቢ ማለትም ከሥራዋ አንዱ ነው፤ ማንም አይወድላትም እንጂ። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ የላይኛዎቹ ሁለት የአንገት አጥንቶቻቸው መጋጠሚያ የላላ ስለሚሆን፣ ንዝረቱ ኅብለ ሰረሰራቸውን ሊጎዳ ይችላል፤ ሳይመረመሩ አይወጡም። በመድኃኒት ያልተገታ የሚጥል በሽታ፣ ከቦታው የወለቀ የዳሌ መጋጠሚያ፣ በቀላሉ የሚሰበር አጥንትም እንዲሁ ያስቆማሉ። ስሜት የሌለው እግር በኮርቻ ሲፋቅ ባለቤቱ አያውቀውም፤ ስለዚህ ከወረደ በኋላ ቆዳው መታየት አለበት። ክብደትም አለ፦ ፈረስ ከራሱ ክብደት ሃያ በመቶ አካባቢ፣ ኮርቻውን ጨምሮ፣ ቢሸከም ነው ደጉ። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ወደ 100 ኪሎ ማለት ነው። ይህን ለአንድ ሰው ፊት ለፊት መንገር ቀላል አይደለም። መጋለብ ላልሆነለት ሠረገላ መንዳት አለ፤ አንዳንድ ቡድኖች የፈረስን እርምጃ የሚያስመስል ማሽንም አላቸው።

ፈረስ ተአምር ይሠራል የሚሉ ጽሑፎች ሞልተዋል፤ እኔ አልወዳቸውም። ሴሬብራል ፓልሲ ባለባቸው ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የመቀመጥ ሚዛን እንደሚሻሻል ቢያሳዩም፣ ብዙዎቹ የተደረጉት በጥቂት ልጆች ላይ ነው። ጥሩ አሠልጣኝ ለወላጅ «ልጅዎ ይድናል» አትልም። «በዚህ ወቅት ሁለት ዙር ያለ ደጋፊ እንዲቀመጥ እንሞክራለን» ትላለች፤ ይህ ደግሞ መሆን አለመሆኑ የሚታይ ነገር ነው።

አንዳንዱ ተማሪ ከዚያ አልፎ ይሄዳል። ሴሬብራል ፓልሲ ያለባት እንግሊዛዊቷ ሶፊ ክርስቲያንሰን በስድስት ዓመቷ አርዲኤ ውስጥ ጀምራ ስምንት የፓራሊምፒክ ወርቆች ሰብስባለች። ድሬሳዥ ከ1996 አትላንታ ጀምሮ ፓራሊምፒክ ውስጥ አለ። ተወዳዳሪዎች እንደ ጉዳታቸው መጠን በአምስት እርከን ይመደባሉ፤ ጉዳታቸው የከበደው የመጀመሪያው እርከን ፈረሰኞች የሚፈተኑት በእርምጃ ነው። ያቺ አሰልቺ ያልናት እርምጃ ወርቅ ታስገኛለች ማለት ነው።

ፈረሶቹ ብዙ ጊዜ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዓለምን አይተው የጠገቡ ናቸው። ተሽከርካሪ ወንበር ሲጠጋቸው፣ ልጅ ጆሯቸው ሥር ሲጮህ፣ የጋላቢው ክብደት በአንድ ወገን ሲንጠለጠል የማይበረግጉ መሆን አለባቸው። ከሁሉ የሚፈራው ሰዓት መውጫው ነው፤ ፈረሱ በመውጫው መድረክ አጠገብ እንደ ተተከለ መቆም አለበት። ይህ ትዕግሥት ያልቃል። ሚዛኑን የማይጠብቅ ጋላቢ በየቀኑ የተሸከመ ጀርባ ይደርቃል፤ ስለዚህ በሳምንቱ መሀል ልምድ ያለው ሰው ሊያፍታታው ይገባል። የኮርቻው ጠፍር ሲጠብቅ ጆሮውን የሚያስተኛ፣ ሊነክስ የሚቃጣ ፈረስ ደክሞኛል ማለቱ ነው። አሠልጣኟ ያን ቀን ተማሪ ተሰልፎም ቢሆን ፈረሱን ትመልሰዋለች።

እንዴት ነው አሠልጣኝ የሚኮነው? ብሪታንያ ውስጥ መንገዱ ከታች ይጀምራል። ፈረስ ነክቶ የማያውቅ ሰውም ይቀበሉታል፤ አዊ ወይም ሰላሌ ፈረስ እየጠበቀ ያደገ ሰው ለንደን ዳር ካለ ቡድን ቢደርስ ግን ገና ሲያዩት ደስ እንደሚላቸው አልጠራጠርም። አጃቢ ሆኖ ይጀምራል፣ ከዚያ ሳቢነት፣ ከዚያ ልምድ ባላት አሠልጣኝ ሥር ጥቂት ደቂቃ ማስተማር፣ በመጨረሻ ምዘና። ከሕፃናትና ከአቅመ ደካሞች ጋር ስለሚሠራ የወንጀል መዝገቡ ይጣራል፤ የመጀመሪያ ዕርዳታና የሕፃናት ጥበቃ ሥልጠናም አለ። ተማሪን ከፈረስ በድንገት የማውረድ ልምምድ ሳይሰለቹ ይደጋገማል፦ ሳቢው ፈረሱን ይይዛል፣ አንደኛው አጃቢ እግሩን ከእርካብ ያላቅቃል፣ ሌላው ወገቡን አቅፎ ይስበዋል። ቡድኖቹ ሁልጊዜ የሚያጥራቸው ሰው ነው፤ አንድ አጃቢ ከቀረ አንድ ልጅ አይጋልብም። ስለዚህ አዲስ መጪን መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ፈረስ ምን እንደሚያውቅ ሳይሆን፣ ማክሰኞ ጠዋት በየሳምንቱ መምጣት ይችል እንደሆነ ነው።