በአዘቦት ቀን የሚመጣ ሰው

ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትን ልጅ አንድ ሳህን ገንፎ ማብላት ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ልጁ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። አንገቱ ወደ ኋላ ከተቀለበሰ ምግቡ ወደ ሆዱ በመውረድ ፈንታ ወደ ሳንባው ሊያልፍና ለሳንባ ምች ሊዳርገው ይችላል። ማንኪያዋ ትንሽ ናት፤ የጎረሰውን ሳይውጥ ሌላ አይጨመርለትም። ቀጠን ያለ ነገር ቶሎ ትን ስለሚል ለአንዳንዱ ልጅ ውኃው ሳይቀር ወፈር ተደርጎ ይሰጣል። በልቶ ሲጨርስም ወዲያው አይጋደምም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ብሎ ይቆያል።

አንዲት ሞግዚት እንዲህ የሚበሉ አምስት ስድስት ልጆች ካሏት ምሳው ሳያልቅ መክሰስ ይደርሳል። የአካል ጉዳተኛ ሕፃናት ማዕከል በጎ ፈቃደኛ የሚፈልገው ለዚህ ነው።

አንዳንዱ ማዕከል ራሱ የተነሣው ከበጎ ፈቃድ ነው። የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪ የነበረው ሌናርድ ቼሸር እ.ኤ.አ. በ1948 መሄጃ ያጣ አንድ በሽተኛ ቤቱ አስገብቶ በገዛ እጁ አስታመመ። ሌሎች ሕሙማን ተከተሉ፤ ሊያግዙ የመጡም ነበሩ። ከዚያ ቤት የተነሣው ሥራ ብዙ አገሮችን አዳርሶ እ.ኤ.አ. በ1962 ኢትዮጵያ ገባ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ መናገሻ ላይ የተከፈተው ማዕከል በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናትን ተቀብሎ ማገገሚያ ሆናቸው።

አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረተች። መነሻዋ ኦቲዝም ያለበት የራሷ ልጅ ነበር። ስለ ኦቲዝም የሚያውቀው ሰው በጣም ጥቂት በነበረበት፣ ብዙ ወላጅም ልጁን ከጎረቤት ዓይን በሚደብቅበት ጊዜ እሷ በአደባባይ ተናገረች፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፈችበት ጊዜም ድምጿን አልቀነሰችም። ጆይ ልጆች ውለው የሚመለሱበት ነው። እዚያ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያውቀው ነገር ግን ለየትኛውም ማዕከል ይጠቅማል፦ ኦቲዝም ላለበት ልጅ የለመደው ፊት፣ የለመደው ሰዓትና የለመደው ቦታ ትልቅ ነገር ነው። በየጊዜው አዲስ ሰው ሲመጣበት ሊረበሽ ይችላል።

የአሳዳጊ መለዋወጥ የሚጎዳው እነዚህን ልጆች ብቻ አይደለም። በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት በመንግሥት ማሳደጊያዎች የነበሩ 136 ሕፃናትን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው አሳዳጊ ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ እድገትም ከሰው ጋር በመቀራረብም ከዚያ በኋላ ካገኙት የተሻሉ ሆነው አገኛቸው። ሕፃን የኔ የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። ሁለት ሳምንት አቅፎ፣ አላምዶ የሚሄድ እንግዳ ያንን ሰው ሊሆን አይችልም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳለፈው ውሳኔ በማሳደጊያዎች የሚሰጥ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚያስከትለው ጉዳት እንዲገታ ጠይቋል።

በእኛ አገር በበዓል ሰሞን ግቢው ይሞላል። ዳቦው፣ ለስላሳው፣ ልብሱ ይመጣል፤ የሰጪው ቅንነትም የሚጠረጠር አይደለም። ነገር ግን ልጁ እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱም ይበላል፣ ይታጠባል፣ ጎኑ እንዳይቆስል ይገላበጣል። ከበዓሉ ጋር የሚመጣው ካሜራ ደግሞ ቢቀር ይሻላል። እምቢ ማለት የማይችልን ልጅ ምራቁ እየወረደ ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ክብሩን መንካት ነው።

ማብላት የሚከብደው ሰውም ሥራ አያጣም። ብየዳ የሚያውቅ የተሰበረ ዊልቸር ይጠግናል፤ ሒሳብ ያዥ መዝገብ ያስተካክላል፤ ጉልበት ያለው ብርድ ልብስ ያጥባል። ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም ለዕረፍት የሚመጣ ፊዚዮቴራፒስት ያችን አጭር ጊዜ ሞግዚቶቹን ለማሠልጠን ቢያውላት ትምህርቱ እሱ ከሄደ በኋላም ይሠራል። ልጁን ቤቱ ይዞ የሚታገል ወላጅም አይረሳ። እናቲቱ ገበያ ደርሳ እስክትመለስ ልጁን የሚይዝላት ጎረቤት ልጁ ማሳደጊያ እንዳይገባ እያገዘ ነው።

ጥሩ ማዕከል በሩን ዝም ብሎ አይከፍትም። ማንነትዎን ያጣራል፣ ያሠለጥናል፣ ከልጅ ጋር ብቻዎን አይተውዎትም። ይህ ሲደረግ ቅር አይበልዎ፤ ይልቅስ የማይጠይቅ ማዕከል ካጋጠመዎት ይጠርጥሩ። ለማገልገል ካሰቡም ኃላፊዋን ሰው የሚጠፋው በየትኛው ቀን እንደሆነ ይጠይቁና ያንን ቀን ይያዙ። መቅረት ግድ ከሆነብዎ ደግሞ ቀደም ብለው ይንገሩ፤ ልጁ ይጠብቅዎታል።