ያውቁ ኖሯል? በግማሽ የጠበበ ቧንቧ ግማሽ ውሃ አያሳልፍም

የአሮጌ ቤትዎ የብረት ቧንቧ የውስጥ ስፋት በዝገት ወደ ግማሽ ቢወርድ፣ ግፊቱ ሳይለወጥ የሚያልፈው ውሃ የቀድሞው አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ ነው። በ1 ደቂቃ ይሞላ የነበረ ባልዲ 6 ደቂቃ ያስጠብቅዎታል ማለት ነው።

ከውጭ ሲያዩት ቧንቧው ደህና ይመስላል። ጉዱ የሚታየው ሲቆረጥ ነው፦ ውስጡ ዙሪያውን ቡናማ እባጭ አብቅሎ፣ መሐሉ ላይ እስክሪብቶ እንኳ የማታሳልፍ ቀዳዳ ቀርታ። ጋልቫናይዝድ ብረትን ከዝገት የሚጠብቀው ስስ የዚንክ ሽፋን ነው። እሱ ተበልቶ ሲያልቅ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገቱ ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያፈስሰው መገጣጠሚያው ነው፤ ጥርስ ሲወጣለት ዚንኩ ተልጦ፣ ብረቱም ሳስቷልና። (ፓምፕ ገዝቶ ለመገላገል የሚሞክር ብዙ ነው፤ ጠባቡ ቧንቧ ግን እዚያው ነው።)

ዛሬ በምትኩ በብዛት የሚገባው ፒፒአር የተባለው የፕላስቲክ ቧንቧ አይዝግም፤ ጫፎቹም በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ግለው እርስ በርስ ይበየዳሉ። መዳብ ከመረጡ ደግሞ ከቀረው አሮጌ ብረት ጋር በቀጥታ አያገናኙት፤ ሁለቱ ሲነካኩ ብረቱ ቶሎ ይበላል።

ቅየራው ሲያልቅ የቧንቧዎን አፍ ወንፊት ፈትተው ይጠቡት፤ በሥራው ጊዜ የተነቃነቀው ዝገት የሚከማቸው እዚያ ነው።